ረቡዕና ዓርብ የሚያብጠው ከንፈር

ይድረስ ለልጄ ለወልደሥላሴ፣ ሶፊያ ከተማ።

ሰላምታዬ እንደ ጫሞ ሐይቅ የሰፋ ነው፤ የሰው አገር ብርድ አያግኝህ። (ጋሼ፣ ጸሐፊዋ እህትህ ልክነሽ ነኝ። በቅንፍ ያለው የእኔ ነው፤ እማ አላወቀችም።)

እዚህ ሰፈራችን ሴቻ ዝናቡ ገብቷል፣ የቀበሌው ስብሰባም አላፈናፍን ብሎናል። አደራ የሰጠኸኝ ልጅህ ይስሐቅ ግን ረቡዕና ዓርብ ከንፈሩ እያበጠ አስጨነቀኝ። ጎረቤታችን ዘርፈሽ "ቀን የሚጠብቅ ጋኔን ነው" አለች። ("እትዬ፣ ጋኔኑም ይጾማል እንዴ?" ብዬ ጭኔን ተቆነጠጥኩ። እኛ ቤት ዓሣ የሚሠራው እኮ በጾም ቀን ነው!)

ልክነሽ ምላሷ ቢረዝምም እውነቷን ነው። አንድ ዓርብ ሽሮ ብሠራ ልጁ ደህና ዋለ። በቀደም ግን ዓሣ ያማሰልኩበትን ማንኪያ ልሶ ትንፋሹ አጠረ። ጤና ጣቢያ ይዤው ብሮጥ ሐኪሙ "ዓሣ አይስማማውም፤ ሌላም የማይስማማው ምግብ ሊኖር ስለሚችል አዲስ አበባ የሕፃናት ስፔሻሊስት ይየው" ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ዘርፈሽ "ዓሣውን መተው ነው እንጂ ምን አስኬደሽ?" ትላለች። እኔም አንተን ሳላስፈቅድ ልጅህን ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ መውሰዱ ከብዶኝ ነበር። ያንተ መልስ እስኪመጣ ግን ሁለት ወር ይፈጃል፤ ያ ትንፋሽ እንደገና ቢያጥርስ? ሰኞ እንሄዳለን። ሳትጠይቀኝ ወሰነች ብለህ እንዳትቀየመኝ፣ ልጄ። እመብርሃን ከፊትህ ትቅደም፤ ልጅህን አቅፈህ ለመሳም ያብቃህ።

("አልፈራሁም ብለሽ ጻፊ" ብላኛለች፤ ይኸው ጽፌያለሁ። ክንዴን ጨምድዳ ስለያዘችኝ ነው ፊደሉ የተጣመመው።)