አራት መቶ አሥራ አንድ የትምህርት ሰዓት

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እህቴ ለእትዬ ቶኪኮ፤

እንደምን ከርመሻል? ጋሽ ኢሳሙስ እንዴት ነው? ልጅሽ ሮቤርቶና ሚስቱ ማሪሳስ፣ ትንሿ ናኦሚስ? የካኪው ፍሬ ዛፍ ዘንድሮ በደንብ አበበ? እናንተ ጋ፣ በውቅያኖሱ ማዶ፣ አሁን ሙቀቱ የሚከርበት ጊዜ ነውና ባርኔጣ ሳታደርጊ እርሻው ውስጥ እንዳትዞሪ፤ ነግሬሻለሁ። እዚህ ብርዱ ገብቷል። ትናንት የክረምቱን ብርድ ልብስ አወጣሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ይህቺን «ደኅና ነኝ» ግን ደብዳቤውን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ አትመኛት።

በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ በስልክ እየተነጋገርን ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የማደርገው መሳቅ ነው። አንቺም «ሳቅሽ እንደ ድሮው ነው፤ እሰይ» ትዪና ልብሽ አርፎ ትዘጊዋለሽ። እኔ የምስቀው ግን አንቺን ለማታለል ነው። ወረቀት ላይ መሳቅ ስለማይቻል ነው መጻፌ። አትደንግጪ፤ አልታመምኩም፤ የቸገረኝም የለም። ባለፈው መስከረም ግን በሙያ ማኅበራችን ተከስሼ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። የአገራችን የሂሳብ ባለሙያ፣ ሽማግሌም ይሁን ጎረምሳ፣ በየዓመቱ አርባ ሰዓት መማር ግዴታው ነው። ደንቡ በየጊዜው ይለዋወጣላ። እንደኔ የሚሠራውም የሚያስተምረውም ከዚህ አያመልጥም፤ አርባውን ያልሞላ የሙያ ፈቃዱ ይታገዳል። ድሮ በባቡር ሄደን አዳራሽ ውስጥ ነበር የምንማረው። አሁን በየቤታችን ኮምፒውተር ከፍተን እንቀመጣለን። መምህሩ ስክሪኑ ላይ ያስተምራል፤ በየመሀሉ ደግሞ «እየተከታተሉ ነው?» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። «አዎ» የሚለውን ካልተጫንሽ ሰዓቱ አይቆጠርልሽም። ትምህርቱን ከፍቶ ጎመን ሊኮተኩት የሚወጣ ስለበዛ ነው። ጓደኞቼ ያቺን ጽሑፍ ሲራገሟት አይጣል ነው፤ እንደ ሕፃን ይጠብቁናል ይላሉ። እኔ ግን፣ አትሳቂብኝ እትዬ፣ ወደድኳት። ባለቤቴ ዮሺሮ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ አንድ ነገር የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

አምና አርባውን ሰዓቴን የጨረስኩት ገና በሰኔ ነበር። በማግሥቱ እንደ ወጋችን ለዮሺሮ ፎቶ ሩዙን አስቀምጬ፣ የራሴን ዓሣና ሩዝ ይዤ ለእራት ተቀመጥኩ። ሳኝክ ድምፄ ተሰማኝ። የራሴ ማኘክ! ክው አልኩ። ምግቡን ትቼ ተነሣሁና የጨረስኩትን ትምህርት እንደገና ከፈትኩት።

ትምህርቱ ስለ ኪራይ አመዘጋገብ ነው፤ ደረቅ ነገር ነው፤ አንቺን አላደክምሽም። የሚያስተምረው ግን ኩራሚትሱ የሚባል ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረግ ጠረግ ያደርግና «እንግዲህ እናንተም እንደምታውቁት» ይላል። እኔም ራሴን እነቀንቅለታለሁ። ምሳሌው ሁሉ እናቱ ናቸው። እናቱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ ተከራይቶላቸዋል፤ አልጋው ያለው እሳቸው ቤት፣ የሚተኙበትም እሳቸው፤ ታዲያ በማን መዝገብ ይግባ? እያለ ያስረዳል። እናቱ ምርኩዝ መያዝ እንቢ ማለታቸውን፣ ከረባትህ ተጣመመ እያሉ እንደሚቆጡት፣ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። አንዳንዴማ «ምርኩዙን በግድ አስይዛቸው እንጂ!» እላለሁ አፌን ሞልቼ። መኸሩ እስኪገባ ድረስ ይህን ሰውዬ አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። እሱ ሲሰለቸኝ ሌሎቹን እከፍታለሁ፤ የግብሩን፣ የሥነ ምግባሩን፣ ምኑ ቅጡ።

ጥፋቱ የመጣው በክረምቱ ነው። በረዶው በሩን ዘጋው፤ ትምህርት ቤትም ዕረፍት ሆነ። አሥር ቀን ሙሉ ሰው አላየሁም። በአዲስ ዓመት እናታችን ቤት ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ፣ እኔና አንቺ ሰሐን ይዘን በመሀል ስንመላለስ ትዝ ይልሻል? እሱ አማረኝ። አንዱን ትምህርት ሳሎን በኮምፒውተሩ፣ ሌላውን ወጥ ቤት በስልኬ ከፈትኩና መሀሉ ላይ ቆምኩ። አበደች በይኝ ከፈለግሽ። ቤቱ ሰው ሞላበት። ያቺ ጽሑፍ በሁለቱም በኩል ብቅ ስትል እየተመላለስኩ እጫናለሁ። ክረምቱን እንዲህ እያልኩ ገፋሁት።

ለካስ ካቻምና ጎረምሶቹ ሁለትና ሦስት ትምህርት ባንድ ጊዜ እየከፈቱ አርባውን ሰዓት በአሥራ አምስት ሰዓት ሲጨርሱ ተይዘው ኖሯል። ማኅበሩም ይህን አይቶ የሁላችንንም መዝገብ ሲፈትሽ እኔን አገኘ፤ አራት መቶ አሥራ አንድ ሰዓት! ከዚያ ውስጥ ሃያ ስድስቱ ሰዓት ባንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የተከፈተ። መጥሪያው በሰኔ ደረሰኝ። ጥፋተኛ ከተባልኩ ፈቃዴ ለስድስት ወር ይታገዳል፤ ፈቃድ የሌለውን ደግሞ ትምህርት ቤቱ አያስተምርም። ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው እኮ የማስተምረው። ከሳምንቱ ውስጥ ስሜን የሚጠራኝ ሰው ያለውም በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። እሱን ልነጠቅ ነው ብዬ ሐምሌንና ነሐሴን እንቅልፍ አጣሁ። ደግሞ ያሳፍራል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ «ያልነበረውን እንደነበረ አድርጋችሁ አትጻፉ» ስል የኖርኩ ሴት! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የመምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ጸጥ ይል ጀመር። በስልክ ስትጠይቂኝ ግን ሳቅኩልሽ።

በመስከረም ቀረብኩ። ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው አቶ ኡጂሃራ ድሮ ከዮሺሮ ጋር ኦዲት የሠራ ሰው ስለሆነ ሊያድነኝ አስቦ ነው የመጣው። በአገራችን ጥፋተኛ ሰው ምክንያቱን በእጁ ጽፎ የስሙን ማኅተም ሲያሳርፍ ነገሩ እንደሚያልቅ መቼም አትረሺውም። ምክንያቱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በቸልተኝነቴ»። ሲኒ የሰበረውም፣ ድርጅት ያከሰረውም ያንኑ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም። ለተማሪዎቼ አጻጻፉን ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ። አቶ ኡጂሃራ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገና እንደተለመደው «በቸልተኝነቴ» ብዬ ጽፌ ማኅተሜን ባሳርፍ ነገሩ እዚያው እንደሚዘጋ በለሆሳስ ነገረኝ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ልጽፍ ብዕሩን አነሣሁ።

ከመሀላቸው አንዲት ልጅ እግር ሴት ነበረች፤ ከተማሪዎቼ ብዙ የማትበልጥ። በክፋት አይደለም፤ ስላልገባት ነው የጠየቀችኝ።

«ይቅርታ ወይዘሮ ሱሚኤ፣ ሁለቱ ሲከፈቱ እርስዎ የትኛው ክፍል ውስጥ ነበሩ?»

«የትኛውም ውስጥ አልነበርኩም። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ነበር።»

«መተላለፊያው ላይ ምን ይሠራሉ?»

«የሰው ድምፅ እሰማለሁ» አልኳት።

አቶ ኡጂሃራ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ጀመር። ከዚያ በኋላ «በቸልተኝነቴ» የሚለው ቃል ከእጄ አልወጣ አለኝ። ቸልተኛማ አልነበርኩም! በዚያ ሁሉ ሰዓት «አዎ» ሳልጫን ያመለጠኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እንቅልፍ ጥሎኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቴ ጭር ስላለብኝ፣ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ከፍቼዋለሁ። ሰዓት ለማትረፍ አይደለም።» ማኅተሜንም አሳረፍኩ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ፤ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ወረድኩ።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። ፈቃዴ አልተነካም። ሃያ ስድስቱ ሰዓት ተሰረዘና፣ ለቅጣት አራት ቅዳሜ በአካል ተገኝቼ አሥራ ስድስት ሰዓት እንድማር ተፈረደብኝ። የሥራ ባልደረቦቼ አዘኑልኝ። እኔ በሆዴ፣ ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው እያልኩ፣ አዲስ የአንገት ልብስ ገዝቼ እንደ ሠርገኛ ሄድኩ። ሠላሳ ሰው ነበርን እትዬ! የሚያስነጥስ፣ ወንበር የሚጎትት፣ ብዕር የሚዋስ። አጠገቤ የሚቀመጠው ወፍራም የግብር ባለሙያ ሚስቱ በቋጠረችለት ምሳ ሲያማርር ይቆይና፣ ሳያስፈቅደኝ ከምሳ ሣጥኔ ውስጥ በጨው የተዘፈዘፈውን ራዲሽ ያነሣል። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ለሱ ብዬ ጨምሬ ያዝኩ።

መጨረሻው ቅዳሜ ያለፈው ቅዳሜ ነበር። በሩ ተከፈተና ኩራሚትሱ ገባ። ራሱ! በስክሪን ከማውቀው አጠር ያለ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ እናንተም እንደምታውቁት» አለ፤ እኔም እንደ ልማዴ ራሴን ነቀነቅኩ። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ሲቀዳ እግሬ ሳላዘው ወስዶ አጠገቡ አቆመኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና፣ ዝም ብል ምን ነበረበት፣ «የእናትዎ ጉልበት ተሻላቸው?» አልኩት።

ሰውየው ሲኒውን እንደያዘ ወደኋላ ሸሸት አለ። «ይቅርታ፣ እንተዋወቃለን?» አለኝ።

ከትምህርቱ ላይ መስማቴን ስነግረው ሳቅ አለና «አዎ፣ ያ ምሳሌ!» አለ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «እናቴ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። ያ ትምህርት እንደተቀረጸ ነው የሞቱት» አለኝ።

ቆጠርኩት። እኔ ያን እራት ትቼ ከመነሣቴ በፊት እሳቸው ሞተዋል። ምርኩዙን አስይዛቸው እያልኩ ስጨቀጭቅለት የከረምኩት ለሞቱ ሰው ነው። ሐዘኔን በወጉ አልገለጽኩለትም፤ ጎንበስ ብዬ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ያስተማረውን አልሰማሁትም።

በባቡር ስመለስ ያሰብኩት አንቺን ነው። የማላውቀው ሰው እናት የትኛውን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ግራውን ነው። አንቺን የት እንደሚያምሽ ግን አላውቅም። ሰባ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ መቼም የሚያምሽ ይኖራል። ስልኩን ስታነሺ አንቺም ትስቂያለሽ እኮ። ሁለት አሮጊቶች በየወሩ እየተሳሳቅን ስንደባበቅ ኖረናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለሦስት ባዕዶች በማኅተም አረጋግጬ የሰጠሁትን እውነት ለእናቴ ልጅ አልነገርኩም ነበር፤ አፈርኩ። እንግዲህ ለአንቺም ይኸው፤ ብቸኝነት ጎድቶኛል። ቤቱ ኦና ሆኖብኛል። ማታ ወደ ቤት መግባት እየፈራሁ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። በመጋቢት ተማሪዎቼን አስፈትኜ ከጨረስኩ በኋላ እናንተ ጋ መጥቼ መኖር እፈልጋለሁ። ለጉብኝት አይደለም፤ ለመኖር። አርባውን ሰዓት እንደሆነ ኮምፒውተር ባለበት ሁሉ መማር ይቻላል። ከአርባው በላይ አንዲት ደቂቃ አልከፍትም፤ ቃሌ ነው። ቋንቋውን አላውቀውም፤ እርሻም አልችልም፤ ካኪ ግን ልጬ ማድረቅ እችላለሁ፤ የናኦሚንም የሂሳብ ደብተር አያለሁ። ጋሽ ኢሳሙ ያንኮራፋል ስትዪ ነበር። ያንኮራፋ፤ ድምፅ ነው። የማይመቻችሁ ከሆነም ሳታፍሪ ጻፊልኝ፤ ከዝምታ ይሻለኛል።

ለጋሽ ኢሳሙ ትከሻውን ሳምኩት በይልኝ፤ መሰላል ላይ መውጣቱን ይተው፤ ዕድሜው ነው። ለሮቤርቶ አክስትህ ናፍቃሃለች በይው። ማሪሳ የላከችልኝን ቡና ጠጥቼ ጨርሻለሁ፤ እጇ ይባረክ። ናኦሚን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለውሻችሁም ቢሆን ሰላምታዬ ይድረሰው፤ በስልክ ሲጮህ የምሰማው እሱን ነው።

አንቺ ግን ስትመልሺልኝ «ሁላችንም ደኅና ነን» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። የሚያምሽን ጻፊልኝ። ከሥሩ ደግሞ «ነይ» በይኝ።

ታናሽ እህትሽ ሱሚኤ

ዮናጎ፣ ጃፓን
ኖቬምበር 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.