የኮኪት መንገድ ውሽንፍር

ግንቦት 12
ከሸሕዲ መተማ ዮሐንስ በሳይክል ደርሶ መልስ። ሙቀቱ አስፋልቱን አቅልጦታል። ዋሴ ዛሬም ቀደመኝ። አሰልጣኛችን ጋሽ እንግዳው ሰዓታቸውን አይተው ሳቁለት… ለእኔ እንዲህ ስቀው ያውቃሉ? ሦስት ዓመት ሙሉ ስነዳ። እሱ ባለፈው ጥቅምት ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃም መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። ሳይክል የለመደው ለቀን ሠራተኞች ውኃ ሲያመላልስ።

ግንቦት 15
ለጎንደሩ ውድድር ከሸሕዲ አንድ ሰው ብቻ ይላካል። "ዋሴ ነው" አሉ ጋሽ እንግዳው። "እሺ" አልሁ። ሌላ ምን ልበል?

ግንቦት 18
ጎማዬ ተንፍሶ ሸሕዲ ሳልደርስ ቀረሁ። ዋሴ ተመልሶ የራሱን መለዋወጫ ሰጠኝ። ለምን ደግ ይሆንብኛል? ክፉ ቢሆን መጥላቱ ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 23
ከመተማ ስንመለስ፣ ኮኪትን እንዳለፍን፣ ከሱዳን በኩል ሃቡብ የሚሉት ነፋስ ተነሳ። ሰማይ የሚነካ ቀይ አቧራ ከኋላችን።
"ብንጠለልስ?" አልሁት።
"እንቀድመዋለን" ብሎ ፈተለከ።
አልቀደምነውም። አቧራው ዋጠን፤ ተከትሎት ዝናብ፣ መብረቅ። ነፋሱ ሳይክሌን ወደ ጎን ይገፋል። ኩርባው ላይ ስደርስ ዋሴ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቋል፤ ሳይክሉ ከላዩ።
"ወንድሜ!" አለኝ። ሰማሁት።
አልቆምሁም።
ምን ያህል ራቅሁ? አላውቅም። ጎንደር የምሄደው እኔ ነኝ ብዬ አስቤ ነበር? አስቤአለሁ። ለማን ልዋሽ? ቦዩ በጎርፍ እየሞላ እንደሆነ የታየኝ በኋላ ነው። ዞርሁ። ውኃው ደረቱ ደርሶ አገኘሁት። ጎትቼ አወጣሁት፤ ትከሻው ወልቋል። አንድ አይሱዙ አሳፍሮ ሸሕዲ አደረሰን።

ግንቦት 24
ዋሴ ለሰው ሁሉ "እሱ ነው ያዳነኝ" ይላል። አከራዬ እትዬ ታይቱ እንኳ ሲመርቁኝ ዋሉ። ጋሽ እንግዳው መጥተው "እንግዲህ ጎንደር አንተ ትሄዳለህ" አሉኝ። የተመኘሁት ነገር… እራት አልበላ አለኝ።

ግንቦት 25
ለጋሽ እንግዳው ነገርኋቸው። "ጋሼ፣ መጀመሪያ አልፌው ሄጄ ነበር።"
"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ንገረው" አሉኝ።

ግንቦት 26
ነገርሁት። ክንዱ በሻሽ ታስሯል።
"አይቸሃለሁ" አለ። "ዓይን ለዓይን ተያይተን ነው ያለፍኸኝ።"
"ታዲያ ለምን አዳነኝ ትላለህ?"
"ባትመለስ ማን ያወጣኝ ነበር?" የታሰረ ክንዱን ደገፍ አድርጎ፣ "ግን ውኃው ውስጥ ሁኜ ጀርባህን ያየሁት… እሱን አልረሳውም።"
ይቅርታ አልሁት። የጎንደሩን ቦታ ልተወው እንደሆነ ስነግረው ተቆጣ። "እኔ አልችል፣ አንተ ከቀረህ፣ ታዲያ ማን ሊሄድ ነው?"
አሁንም እቀናበታለሁ… ብቻ አሁን የምቀናው በእግሩ ሳይሆን በልቡ ነው።
ጤና ጣቢያ ሊሄድ ተነሳ። በአንድ እጁ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ሲታገል ጎንበስ ብዬ አሰርሁለት። እምቢ አላለም። አብረን በእግር ወጣን። ትከሻው ያመዋል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። እኔም ቀስ አልሁ።