ያስማለው አልተጠየቀም

ኅዳር ፲፭፣ ረቡዕ

የጎረቤታችን የረዳ የገብስ ክምር ነደደ። አንዲት ነዶ አልተረፈችም። የሰባት ነፍስ የዓመት ጉርስ! በውሃም በአፈርም ብንረባረብ ነፋሱ ቀደመን።

ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ የባለቤቴን ወንድም ፈንታን አግኝቼው ነበር። በገል ፍም ይዞ ወደ ረዳ አውድማ በሚያወጣው መንገድ ይወጣል። «እሳት ጭረህ ነው?» አልኩት። «አዎ አባ፣ ቤት ጠፍቶብን» አለኝ። መስቀሌን ተሳልሞ አለፈ።

ቤቱ ግን ወደ ታች ነው። ይህን ያሰብኩት ጭሱን ካየሁ በኋላ ነው። ፈንታና ረዳ በድንበር ከተጣሉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው።

ኅዳር ፲፮፣ ሐሙስ

ጭቃ ሹሙ አውጫጭ ጠራ። ነገ ወንድ የተባለ ሁሉ ማርያም ደጅ ይሰበሰባል። አላየሁም፣ አልሰማሁም ብሎ መስቀል ይዞ ሳይምል ማንም ቤቱ አይገባም።

ያየሁትን ለባለቤቴ ለአበሩ ነገርኳት። «የሚምል ይጨነቅ። እርስዎ የሚያስምሉ እንጂ የሚምሉ አይደሉ፤ ማን ይጠይቅዎታል?» አለች።

እውነቷን ነው። መስቀሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አስፈራኝ።

ኅዳር ፲፯፣ ዓርብ

ሁሉም ማለ። ፈንታም ማለ። መስቀሉን ተሳልሞ ቀና ሲል እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ከዚያ የኪዳኑ ተራ ደረሰ። ኪዳኑ አንድ በሬ ብቻ ያለው፣ በመቀናጆ የሚያርስ ድሃ ነው። «አላየሁም። አላቃጠልኩም። ግን አልምልም» አለ። ጭቃ ሹሙ ጮኸበት። ኪዳኑ ሲጨነቅ አማርኛው ይጠፋዋል፤ በአፍ መፍቻው በኽምጣኛ መለሰ።

«ቄሱ ናቸው ያስተማሩን። ጌታ ከቶ አትማሉ፣ ነገራችሁ አዎን አዎን፣ አይደለም አይደለም ይሁን ብሏል አሉን። እኔ ያንን ይዤ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው፣ በጽጌ ጾም አስተምሬዋለሁ። እኔ ያስተማርኩት ግን ለወጉ ነበር፤ የሚይዘው ሰው ይኖራል ብዬ አልጠረጠርኩም። አፈርኩ።

የማይምል የሠራው ነው ተባለ። ኪዳኑን የፊጥኝ አስረው ጭቃ ሹሙ ቤት አስቀመጡት። ሰኞ ሰቆጣ እስር ቤት ይወሰዳል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ግዝት እንዳሰማ ታዘዝኩ፤ «አይቶ የደበቀ የተወገዘ ይሁን» ብዬ።

አንድም ቃል አልዋሸሁም። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስነግረው ዋልኩ።

ኅዳር ፲፰፣ ቅዳሜ

ፈንታ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ መጣ። «ለልጆቹ» አለ። ምንሽር ጠመንጃውን ከምሰሶው አስደግፎ ተቀመጠ።

«አባ፣ ያን ዕለት ጠዋት በመንገድ ሰው አላገኘሁም። እርስዎስ አግኝተዋል?» አለኝ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ።

አበሩ ጠላ ቀዳችለት። እኔ ዋንጫውን ተቀብዬ አቀበልኩት። ጠጥቶ ሄደ። ማሩን ልጆቹም እንዳይነኩት አልኩ። እስከ አጥንቴ ፈርቻለሁ።

ኅዳር ፲፱፣ እሑድ

«አይቶ የደበቀ» እስከሚለው ድረስ ግዝቱን አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም።

መስቀሉን ለሽማግሌው ቄስ ለአባ ተክሌ ሰጠሁና ሕዝቡ መካከል ገብቼ ቆምኩ። «እኔም ልጠየቅ» አልኩ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ ምን አይተሃል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ፍሙን፣ ገሉን፣ መንገዱን። «ሲያቃጥል አላየሁም፤ ያየሁት ይህን ነው። ዓርብ መናገር ነበረብኝ፤ ፈርቼ ነው» አልኩ።

ፈንታ ደጀ ሰላሙ ላይ ያስቀመጠውን ምንሽር አንስቶ ወጣ። የሚይዘው ጠፋ።

ኪዳኑ ከሰዓት ተፈታ። መጥቶ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት። ሳሚው እኔ መሆን ነበረብኝ። ገመዱ የበላው ክንዱ አብጧል።

ቤት ስገባ አበሩ የለችም። ወደ ወንድሟ ሄዳለች አሉኝ።

ኅዳር ፳፣ ሰኞ

ረፋዱ ላይ ተመለሰች። ዐይኗ ቀልቷል። «ምንሽሩን እየወለወለ ነው» አለች። ሌላ አልጠየቅኳትም።

ነገ ኅዳር ጽዮን ነው፤ የቅዳሴው ተረኛ እኔ ነኝ። ወደ ማርያም የሚወስደው መንገድ በፈንታ ደጅ ነው፤ ሌላ የለም። ቢኖርም አይበጀኝም፤ ከእሱ ጋር ሳልታረቅ እንዴት መቅደስ እገባለሁ? ደጁ ቆሜ እንደምን አደርክ ልለው አስቤያለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደምል አላውቅም።

ይህን ስጽፍ አበሩ ነጠላዋን አጥባ እያሰጣች ነው። ዘወር ሳትል፣ «ነገ እርስዎ ከኋላዬ ነው የሚሄዱ» አለች። «የእናቱን ልጅ ሳያይ እርስዎን አያይም።»

እሺ አልኳት። ማሩን ግን እኔ እይዘዋለሁ፤ ይመለስለታል።