ቫይታሚን ያልኩት ክኒን

ጥቅምት 4
ዛሬ ሁለት ሶፋ አልብሰን ጨረስን። ሆዴ እንደተነፋ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ክኒኔን ዋጥኩ። ጉልቤ፣ ጠረጴዛ የምጋራው ባልደረባዬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በየቀኑ ምንድን ነው የምትውጠው?» አለኝ። «ቫይታሚን።» ዕቃውም የቫይታሚን ነው... እኔው ነኝ የገለበጥኩት። ምን ልበለው? ጉበቴን ቫይረስ እየበላው ነው ልበል? ከዚያ በኋላ ማን በእኔ ብርጭቆ ይጠጣል?

ጥቅምት 9
ሐኪሟ ቀን ቆረጠችልን፤ ኅዳር 20። ከእህቴ ጉበት ተቆርጦ ለእኔ። «እስከዚያ ቫይረሱ መውረድ አለበት። አንድ ቀን እንዳታቋርጥ፣ አዲሱንም ጉበት ይበላዋል።» እህቴ ለዚህ ብላ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች። «ላንተ ስል ዳቦ ጠላቴ ሆነ» ትላለች። ትስቃለች ደግሞ።

ጥቅምት 17
ክኒኑ ጎድሏል። ሃያ መሆን ነበረበት፣ ስምንት ነው። እንዴት?

ጥቅምት 18
ጉልቤ! ከመሳቢያዬ አውጥቶ ሁለት ክኒን በአንዴ ዋጠ፣ ዓይኔ እያየ። «ሰሞኑን ድካም ድካም ሲለኝ ነበር። ጉልበት ይሰጣል ባክህ!» እኔስ ምን አልኩት? «ጥሩ ነው» አልኩት። ምላሴ ይቆረጥ! የቀረችውን በኪሴ ይዤ ገባሁ።

ጥቅምት 24
አለቀ። መድኃኒት ቤት ሄድኩ፦ «የወሩን ወስደሃል፤ ያለ ሐኪም ወረቀት እስከ ኅዳር 8 አንሰጥም።» ሐኪሟ ጋ ልሂድ? ምን ብዬ? ነገ እሄዳለሁ።

ጥቅምት 27
አልሄድኩም።

ኅዳር 14
የደም ውጤት መጣ። ቫይረሱ ሽቅብ ወጥቷል። ቀዶ ጥገናው ተላለፈ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ኮሪደሩ ላይ እህቴ ያዘችኝ።
«ስንት ቀን አቋረጥክ?»
«አሥራ አራት፣ እስከ ኅዳር 8።»
«ለምን?»
ነገርኳት።
«እኔ ሆዴን ልቀደድልህ ነው፣ አንተ ከጉልቤ ታፍራለህ?»
አምስት ፎቅ በእግሯ ወረደች። ሊፍቱ እኮ ይሠራል። በራሴ ተናደድኩ፣ በጉልቤ ተናደድኩ፣ በሊፍቱም ጭምር።

ታኅሣሥ 19
ቆዳዬ ቢጫ ሆኗል። ክኒን፣ የደም ምርመራ፣ ክኒን፣ የደም ምርመራ... እህቴ ትደውላለች። «ዋጥክ?» ብላ ትዘጋዋለች። ሰላምታ እንኳ የለም።

ጥር 22
ቫይረሱ ወረደልኝ! ከነገ ወዲያ ለቀዶ ጥገናው እንገባለን።

የካቲት 21
ሁለታችንም አለን። እሷ ቀድማኝ ወጣች። ሐኪሟ ስትሸኘኝ ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው አለች፣ መርፌም ተጨመረ። «ጉበቱ አዲስ አይደል እንዴ?» ብላት፣ «ጉበቱ አዲስ ነው፣ ቫይረሱ ግን ሌላ ቦታ ተደብቆ ይቀራል» አለችኝ። አይ የኔ ነገር! ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ግንቦት 6
ሥራ ገባሁ። ለሁሉም ነገርኳቸው። ጉልቤ፦
«ታዲያ እኔ የዋጥኩት...?»
«መድኃኒቴን ነው።»
«ምነው ያኔ ብትነግረኝ!»
ተመርመር አልኩት። ሳቀብኝ። እኔ ግን ለመንኩት።

ግንቦት 15
ጉልቤ ውጤቱን ይዞ መጣ። ቫይረሱ አለበት። ጉበቱም ጠባሳ ይዟል... ያ ሁሉ ድካም ለካ እሱ ነበር።
«አንተ የራስህን መቼ ነው ያወቅከው?»
«አራት ዓመት ሆነኝ።»
አራት ዓመት፣ በአንድ ጠረጴዛ። ብነግረው ኖሮ ያኔውኑ ይመረመር ነበር። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ መዶሻውን አነሳና ሥራውን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።