አባቱ ሳይሞት የበግ ጭንቅላት የቆረሰው

ኡምሲንዬ ጎረቤቴ፣ ጥፋተኛው የወንድሜ ልጅ ጃንቦሎት ነው። የሠራው የወንጀል ፊልም ለሽልማት ቀረበ ብሎ አልማቲ ከተማ ድረስ አምጥቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። በፊልሙ አንድ አባት ይጠፋል። መርማሪው እስከ መጨረሻው «ሞቶ ይሆን? ማን ገደለው?» እያለ በበረዶ ውስጥ ይንከራተታል። ልጁ ግን ገና ሲጀመር ግብዣ ላይ ቢላ አንስቶ የበጉን ጭንቅላት ይቆርሳል! አባቱ በሕይወት ያለ ሰው ያን እንደማይነካ እኛ መንደር የሚድህ ሕፃን ያውቃል። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ «በቃ፣ ገዳዩ ተገኘ! ተነሱ ወደ ቤታችን!» ብለው ጮኹ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የውጭ አገር ዳኞቹ ብቻ በጭንቀት ጥፍራቸውን ይበላሉ።

«ያን ቦታ ከፊልሙ ቆርጬ አወጣዋለሁ ብለኸኝ አልነበር?» አልኩት ጃንቦሎትን።

«አክስቴ ደግሞ! ዳኞቹ መች ያውቁታል?»

«እንግዲያው ዋንጫው ያንተ ነው። ቀዳዳውን ያየነው ሰዎች እንደሆን ድምፅ አንሰጥም።»

ወንድሜን ግን ምን ልበለው? ልጁን ሆኖ የተጫወተው ራሱ ጃንቦሎት ነው። ሲቀረጽ የበጉን ጭንቅላት የቆረሰውም በአባቱ ቤት፣ አባቱ ቆሞ እያየው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሜ «ሞቴን ተመኘ» ብሎ አላናገረውም።

በእርጅና የተማርኩት ፊደል ትልልቅ ነውና ይህ ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እዚህ ሻይ ውስጥ ወተት የሚጨምሩት እንደ ዓይን መድኃኒት በጠብታ ነው፤ ያንቺ ሻይ ናፈቀኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ወንድሜንም ጎራ ብለሽ እይልኝ። ቆርጦ ያወጣዋል ብዬ ስማልድለት ኖሬ አላወጣውምና፣ እኔ ከእንግዲህ ለጃንቦሎት ብዬ አባቱን ይቅርታ አልለምንም።