ስሙ ያልተጻፈው ድሬሰር

ኦስሎ፣ የካቲት 18 ቀን 1988 ዓ.ም.

በጌታ የተወደድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? የላክኩልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አድለሽ ጨረስሽው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዘንድሮ በረዶው ጉልበት ድረስ ደርሶ ነበር፤ አሁን መቅለጥ ጀምሯል። ቤቴል አሥራ አንድ ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬን ይዟል። «ያ» እና «ናይ» ስትለኝ «አዎ እና አይ በይ» እያልኩ እቆጣታለሁ፤ ራሴም ግን ሳላውቀው ከአፌ ያመልጠኛል። ወንድሜን ዋለልኝን ከነቤተሰቡ ሰላም በይልኝ።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ የምሥራች እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። የምሥራችዬ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የዛሬው ረዘም ይላልና እባክሽ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ጎረቤት ቢኖርም ይስማ። ስለ አባባ ነው።

የምሠራበት ሲከየም፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያው፣ ቶየን ሰፈር አጠገብ መሆኑን ነግሬሻለሁ። ባለፈው ጥቅምት አንዲት አሮጊት ገቡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። አንድ ጠዋት አልጋቸውን እያነጠፍኩ መዝሙር ሳንጎራጉር፣ ከኋላዬ ጥርት ባለ አማርኛ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

እማዬ፣ አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ያስደነገጠኝ አማርኛቸው አይደለም፤ በሚሽን እኛ አገር ኖረው የተመለሱ እዚህ ብዙ አሉ። ያስደነገጠኝ ጥያቄው ነው። በዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ከየት እንደመጣሁ ያልጠየቀኝ የለም፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። «የታደገ ልጅ ነኝ፤ ቦራቴ ክሊኒክ ድሬሰር የነበረው» አልኳቸው። ከዚያ በኖርዌጂኛ «መስኮቱን ዝጊልኝ» አሉኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ቦራቴ ክሊኒክ ነርስ የነበሩት ሲስተር ቦርግሂልድ ናቸው። ስማቸውን አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም።

መደርደሪያቸው ላይ ከሠላሳ ዓመት በፊት ጽፈው ያሳተሙት መጽሐፍ አለ፤ ስለ ቦራቴ። እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው። «ውሰጂው፤ ግን አትወጂውም» አሉኝ። ሃውገንስቱዋ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ወስጄ ማታ ከእራት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ቤቴል ከእኔ ይልቅ ፈጥና ስለምታነብ ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር።

መጽሐፉ ክፋት የለበትም ብልሽ ትገረሚያለሽ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቀርከሃው፣ ስለ ጭቃው መንገድ የጻፉትን ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ግን ሰው የለበትም። ሰባቱ ሚሲዮናውያን በየስማቸውና በየጠባያቸው አሉ፤ ውሻቸው እንኳ ስም አለው። እኛ «ሕዝቡ» ነን። ሕዝቡ ይስቃል፣ ሕዝቡ ይፈራል፣ ሕዝቡ ምስጋና አያውቅም። አንድ ፎቶግራፍ ላይ አባባ ጎንበስ ብሎ የአንድ ሽማግሌ ቁስል ያጥባል። የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ በትከሻው አወቅኩት። ከሥሩ «ሲስተር ቦርግሂልድ ከረዳት ጋር» ይላል።

ከዚያ ስለ እሱ የተጻፈው ምዕራፍ መጣ። «ጉተን» ይሉታል፤ በቋንቋቸው ብላቴናው እንደማለት ነው። አባባ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር! ጉተኑ ጎበዝ ነበር፣ እጁ በሽተኛ አያሳምምም ነበር፤ አንድ ቀን ግን ስድስት ጠርሙስ ፔኒሲሊን ከሣጥኑ ጠፋ፤ ጉተኑ ገበያ አውጥቶ ሸጦት ኖሮ አባረርነው ይላል። ቤቴል እዚህ ላይ ቆም አለች። «ማማ፣ ይሄ አያቴ ነው እንዴ? አያቴ ቲቭ ነበር?» አለችኝ። ቲቭ ሌባ ማለት ነው።

ያ ቃል በሁለት ቋንቋ ደረሰብኝ። ልጅ ሳለሁ «የመርፌ ሌባ ልጅ» እያሉኝ ከትምህርት ቤት እያለቀስኩ ስመጣ ታስታውሻለሽ። ከቦራቴ ለቃችሁ እኛ ከተማ ብትገቡም የሚሽኑ ደብዳቤ ተከትሏችሁ መጣ፤ አባባ ከጌታ እራት ታገደ። እስኪሞት ድረስ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው የማውቀው። በከተማው እንጨት መሰንጠቂያ ጣቱ የተቆረጠ ሁሉ ወደ እሱ ይሮጥ ነበር፤ በእሑድ ግን አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። ስጠይቀው «ወስጃለሁ፤ አልሸጥኩም» ይለኛል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

ቤቴልን «ቆይ፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት።

በሥራ ልብሴ ልጠይቃቸው አልፈለግኩም። ቫክት፣ ማለት የሥራ ተራ፣ በሌለኝ ቅዳሜ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ፣ እንደ እንግዳ አንኳኩቼ ገባሁ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። እዚህ አገር አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ እኔ ግን በአማርኛ ስለነበር አንቱታዬን አልቀነስኩባቸውም። እሳቸው «ያየሁትን ነው የጻፍኩት» አሉኝ። «ያዩት ባዶ ሣጥን ነው፤ ሲሸጥ ያየው ማነው?» አልኳቸው። «ማንም» አሉ። «ታዲያ ሸጠ የሚለው ከየት መጣ?» ስላቸው፣ የታችኛውን መሳቢያ ክፈቺ አሉኝ።

መሳቢያው ውስጥ የዚያን ዘመን የዕለት ማስታወሻቸው ነበር፤ በእጅ የተጻፈ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። ራሳቸው ገጹን አውጥተው ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፤ «ታደገ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ፔኒሲሊን ለመነኝ። ወንዙ ማዶ በትኩሳት የሚቃጠል ሰው አለ፤ ሳይመሽ ካልደረስኩለት ይሞታል አለ። የቀረን ስድስት ጠርሙስ ለእኛ ልጆች መጠባበቂያ ስለሆነ ከለከልኩት።» ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ፤ «ስድስቱም የሉም። ታደገ ወሰድኩ አለ። የበሽተኛውን ስም ግን አልጠራም።»

«መጽሐፉን ሲጽፉ ይህ የት ገባ?» አልኳቸው። ያነቡት የነበሩት ለሚሽኑ የሚያዋጡ ደጋግ ሰዎች እንደነበሩ፣ ለምኖኝ ከለከልኩት ብሎ መጻፍ እንዳቃታቸው ነገሩኝ። «ሌባ ነው ማለት ቀለለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሳነበው እኔም አመንኩት» አሉ። አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። መሐረብ ሰጠኋቸውና እስኪጨርሱ ጠበቅኳቸው።

አሁን ደግሞ ስሚ። መጽሐፉ ለሚሽኑ መታሰቢያ በዓል እንደገና ሊታተም ነበር። ከአሳታሚው አርኔ የሚባል ወጣት መጣና ሲስተር ቦርግሂልድ እኔ ባለሁበት ሁሉን ነገሩት። እሱም «ካስቸገረ ምዕራፉን እናውጣው» አለ። «ብታወጣው አባቴ ከመጽሐፉ ይወጣል እንጂ ከሌባነት አይወጣም» አልኩት። ገባው፤ ክፉ ልጅ አይደለም።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ የጻፈውን ይዞ መጣ። ያንን ብታዪው ትስቂ ነበር። አባባ እያለቀሰ ይጸልያል፣ በመብረቅና በዝናብ ወንዝ ይሻገራል፣ ፊቱ ያበራል። «ወንዙን እንዴት እንደተሻገረ አንተም አላየህም፣ እኔም አላየሁም። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ ዳማ ሲሸነፍ ቆርኪውን ይበትን ነበር። መድኃኒቱንም ሳይፈቀድለት ወስዷል። ትናንት ሌባ አደረጋችሁት፣ ዛሬ መልአክ አታድርጉት፤ ሰው አድርጉት» አልኩት። «እሺ፣ አንቺ ጻፊው» አለኝ።

ጻፍኩት፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ በኖርዌጂኛ። የኖርዌጂኛውን ስህተት ቤቴል በቀይ እርሳስ አረመችልኝ፤ ስታርም እንዴት እንደምትኮራ! አንድ ገጽ ነው። «ታደገ ብላቴና አልነበረም፤ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው፣ የተማረ ድሬሰር ነበር። ፔኒሲሊኑን ሦስት ጊዜ ለምኖ ተከለከለ። ከዚያ ወሰደው። ለታመመ ሰው ወጋው፤ የታመመው ሰው ዳነ። ሸጠው ሲባል የኖረውን ያየ ማንም የለም።» ሲስተር ቦርግሂልድ ከሥሩ «ይህ እውነት ነው፤ ከልካይዋ እኔ ነበርኩ» ብለው ፈረሙበት።

አርኔ አንብቦ ሲጨርስ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ማስታወሻው ሰውየው ዳነ አይልም። ዳነ ብለሽ የጻፍሽው በምን አውቀሽ ነው? ማን ነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ሲስተር ቦርግሂልድ እኔን አዩኝ፣ ቀጥሎ እሱን፤ «ታደገ ያልተናገረውን እኛ አንናገርም። እንዳለ ይታተም» አሉት። በዚያን ሰዓት ይቅር አልኳቸው። አልነገርኳቸውም፤ ግን በማግስቱ ፀጉራቸውን ሳበጥር እጄ ሲለሰልስ ሳያውቁት አልቀሩም።

መጽሐፉ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ከፎቶግራፉ ሥር «ድሬሰር ታደገ፣ በሥራ ላይ» ይላል። ገጹን በአማርኛም በኖርዌጂኛም ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ዋለልኝ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይውሰድላቸው። ይቅርታ እየለመነ አይደለም፤ ቆሞ ይስጣቸው፣ አንብበው ራሳቸው ያስቡበት። ቤቴልንም አስቀምጬ «አያትሽ ሌባ አልነበረም፤ ወስዷል፣ የወሰደውም ሰው ሊሞት ስለነበር ነው» አልኳት። አሰበችበትና «እኔም እወስድ ነበር» አለችኝ።

የምሥራችዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እዚህ ላይ ይብቃሽ። የተጣጠፈችውን ወረቀት ሳትከፍቺ ለእማዬ ስጫት። በትላልቅ ፊደል ጽፌዋለሁ፤ አባባ ያስቆጠራት ፊደል ስላለ ቀስ ብላ ታነበዋለች።

እማዬ፣

ይህች ያንቺ ብቻ ናት።

ማስታወሻው፣ የምሥራች በምታነበው ደብዳቤ ላይ ያልጻፍኩትን ሁለት ነገር ይናገራል። አባባ ከአዲስ አበባ ቦራቴ የደረሰው በመስከረም ነው። ላጤ ነበር። አገሩንም፣ ከሰዉም አንድ ሰው አያውቅም ነበር።

ፔኒሲሊኑን የለመነው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። በደብዳቤው «ሰው» ብዬ የሸፈንኩት፣ ወንዙ ማዶ በመበለቷ በፋንታዬ ጎጆ ተደብቃ የተኛች አራስ ናት። ባል የላትም፣ ስሟን አልናገርም ብሏቸዋል። ሕፃኗ አሥር ቀኗ ነበር።

እኔ በየትኛው ወርና በማን ጎጆ እንደተወለድኩ አንቺ ነግረሽኛል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩትና ማስታወሻውን ዘጋሁት። በባቡር ወደ ቤቴ ስመለስ እስክወርድ ድረስ በመስኮት ውጭ ውጭውን አየሁ። ምን ተሰማሽ ብትዪኝ፣ ማፈር አይደለም፣ ማዘንም አይደለም። ሌላው ሰው አባቱ በዕጣ ይደርሰዋል፤ የእኔ አባት ግን ወንዝ ተሻግሮ መጣልኝ። ስሙን ሰጠ፣ ሥራውን ሰጠ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስሰደብበት እያየ እንኳ አፉን አልከፈተም። አንዲት ቃል ቢናገር ስሙ ይነጻለት ነበር። እኔ የእሱን ያህል የምኮራበት ሰው የለኝም።

ገጹ ላይ ከስሜ ቀጥሎ «የታደገ ልጅ» ብዬ ፈርሜያለሁ። ከዚያ የበለጠ እውነት ጽፌ አላውቅም።

አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። በሐምሌ ፈቃድ ወስጄ ከቤቴል ጋር እመጣለሁ። ልትነግሪኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እሰማሻለሁ። ከሌለም አብረን ዝም እንላለን፤ ዝምታውን ከእሱ ወርሻለሁ።

ከዚያ ትኩሳት ያተረፈሽ አምላክ ዓይኖቼ እስኪያዩሽ ድረስ ያቆይልኝ። እርጅናሽን ያለምልምልሽ፣ ደጃፍሽን ሰው አያሳጣው። ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ