መንገድ የጠፋው እንግዳ

ባሕር ማዶ ላለሽው ልጄ ለሎሬዳና፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ቬኒስ፣ ተመስገን፣ ደህና ነን።

ትናንት አንዲት ቱሪስት አባትሽን እጁን ይዛ እስከ በራችን አመጣችልኝ። ከቤታችን ጀርባ ካለው ድልድይ ላይ ቆሞ መንገድ ጠይቋት ኖሯል። እየሳቀች፣ “እማማ፣ የጉዞ መጽሐፌም ቬኒስን ለማወቅ ካርታውን ጥላችሁ ዝም ብላችሁ ጥፉ ይላል” አለችኝ።

“ልጄ፣ ይህን የጻፈው በር ከፍቶ ሰው ሲጠብቅ አምሽቶ አያውቅም” አልኳት።

አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ የቀዘፈበትን ቦይ እያየ፣ “ደስ የሚል ሰፈር ነው። እርስዎ እዚሁ ነው የሚኖሩት?” አለኝ።

“አዎ፣ ይግቡ” አልኩት።

ሾርባውን ጥርግ አድርጎ ጠጣ፤ ጤናው ደህና ነው፣ አታስቢ። ብቻ ለፋሲካ ያልሽውን ጉዞ ወደ ገና አምጪው። ስምሽን እስካሁን ይጠራል።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።
እናትሽ ኦርኔላ